የእናቴ ቤት የጭስ ማንቂያ
ዛሬ ከሥራ መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፣ እናቴ ቤት ጎራ ብዬ ከጣሪያው ላይ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያውን ሳወርደው፣ ጀርባው ላይ የታተመው የምርት ዓመት 2013 (እ.ኤ.አ.) ስለሚል በአዲስ ተካሁት፤ የጭስ ማንቂያ ባትሪው በየጊዜው ቢቀየርለትም ከ10 ዓመት በላይ አይታመንምና። እናቴን ያሳሰባት ግን ቡናው ነበር፤ ዕጣን ሲጨስ እንዳይጮህ ብሎ ባትሪውን ማውጣት በብዙ ቤቶቻችን ተለምዷል፣ መስኮት መክፈት እየተቻለ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ በብርዱ ወራት በር ተዘግቶ የሚቀጣጠለው ከሰል ነው፤ ፍሙ ጭሱ አልቆ ቢፈካም ቀለምም ሽታም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣልና፣ እባካችሁ ቤት ውስጥ አታንድዱት። ማንቂያው ሦስት ሦስት ጊዜ ከጮኸ ጭስ፣ አራት አራት ጊዜ ከሆነ ጋዙ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ውጭ ወጥቶ 911 ይደወላል። የመሞከሪያውን ቁልፍ በየወሩ የመጫኑን ኃላፊነት ለእህቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ።