መጨረሻው የተቀደደው መጽሐፍ

የምሠራው ጎንደር ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት ተረኛ ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰው እምብዛም አይመጣም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ያድራል፤ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ባለፈው ክረምት ስልክ እየነካኩ ማደር ሰለቸኝና ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶች ማንበብ ጀመርኩ። መስከረም እስኪጠባ አምስት ጨረስኩ። አንዳንዱን በጣም ወደድኩት፣ አንዱ አናደደኝ፣ አንዱ ደግሞ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

የመጀመሪያውን የገዛሁት ፒያሳ፣ አስፋልት ዳር አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ነው። ዝናብ ስለጀመረ መጻሕፍቱን በላስቲክ ሸፍኗቸዋል። ጫፉን ገለጥ አድርጎ አንዱን ሳበና «እህቴ፣ ይችን ውሰጃት። አታስተኛሽም» አለኝ። የአጋታ ክሪስቲ «ኤንድ ዜን ዜር ዌር ነን» ነበር፤ በ1939 እ.ኤ.አ. የታተመ ታሪክ። ሽፋኑ በፕላስተር ተጣብቋል፣ ገጾቹ ቢጫ ሆነዋል። ብዙም ሳልከራከር ከፈልኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አሥር ሰዎች እንግሊዝ አገር፣ ዴቨን አካባቢ ባሕር ላይ ባለች ትንሽ ደሴት ይሰበሰባሉ። ጋባዡ የለም። በመጀመሪያው ምሽት እራት እንዳለቀ ከሸክላ ማጫወቻ ድምፅ ይወጣል። ድምፁ አሥሩንም በየስማቸው እየጠራ፣ ሕግ ሊይዛቸው ያልቻለ ነፍስ እንዳጠፉ ይናገራል። ከዚያ አንድ በአንድ መሞት ይጀምራሉ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩ አሥር ትንንሽ ምስሎች አሉ፤ ሰው በሞተ ቁጥር አንድ ይጎድላል። ማዕበል ስለተነሣ ከደሴቷ መውጫ የለም።

መጀመሪያ የሚሞተውን ሰው የሚገድለው መጠጡ ውስጥ የገባ ሳያናይድ ነው። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ፣ መድኃኒት ክፍል ሠርታለች። ደግሞም ያስታውቃል። መርዙን ለማስፈራሪያ አታጋንነውም። እንደ ባለሙያ በጥቂት መስመር ጨርሳ ታልፋለች። ቀኑን ሙሉ ሚሊግራም ስቆጥር ለምውል ሰው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ደስ ይላል።

ሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መጨረሻው ላይ ደረስኩ። አሥር አስከሬን አለ። ደሴቷ ላይ ሌላ ሰው የለም። የለንደን ፖሊሶች ቁጭ ብለው «ታዲያ ማን ገደላቸው?» እያሉ ይጨነቃሉ። ገጹን ገለጥኩ። የጀርባው ሽፋን መጣ።

ስፌቱ ላይ የተቀደደ ወረቀት ጠርዝ ብቻ ቀርቷል። የዚህ መጽሐፍ መልስ የሚመጣው ዋናው ታሪክ ካለቀ በኋላ፣ ለብቻው ነው። የጎደለው ልክ እሱ ነበር።

በዚያው ቅጽበት የመስኮቱ ብረት ተንኳኳ። ልቤ ቀጥ አለ። ልጁ ትኩሳት ይዞት የመጣ አባት ነበር፤ ጃኬቱ ውኃ ያንጠባጥባል። ሽሮፑን ስሰጠው እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር መጠኑን ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የመጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፎችን ተረኛ ሆኜ አላነብም። ቤቴ፣ ሶፋ ላይ፣ ቀን ነው የማነባቸው። ሰው ጤናውን አምኖ እጄ ላይ ሲጥል ሐሳቤ ደሴት ላይ መሆን የለበትም።

በማግሥቱ ፒያሳ ሄድኩ። «ወንድሜ፣ መጨረሻው እኮ የለም» አልኩት። መጽሐፉን ተቀብሎ ጀርባውን አየና «ወይኔ! እኔም እንዲሁ ነው የተረከብኩት» አለ። ከልቡ ነው ያዘነው። ገንዘቤን ሊመልስልኝ ኪሱ ገባ፤ እምቢ አልኩ። መጽሐፉን መመለስ አልቻልኩም። ሰዎቹ ገና ጭንቅላቴ ውስጥ ነበሩ።

ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። የአሥሩን ስም በተርታ ጻፍኩ፦ ማን መቼ ሞተ፣ በምን፣ መጨረሻ ላይ ያየው ማን ነው። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመርኩ። ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጪኝ» እንባል የለ? እኔ አገር ላለመስጠት ወሰንኩ። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ሙሉ ቅጂ አግኝታ የጎደሉትን ገጾች ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም እስክትልክልኝ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሁለቱንም ሳምንት ከደብተሩ ጋር ነበርኩ።

ግምቴ ስህተት ነበር። ማንን እንደጠረጠርኩ አልናገርም፤ ያላነበበ ሰው ይኖራል። የተሳሳትኩበትን ምክንያት ግን ልንገራችሁ። ሙያዬ ይዞኝ ሄደ። መርዙን ማን ሊያገኝ ይችላል? መርፌው ማን ጋ ነው? መድኃኒቱ የት ተቀመጠ? የቆጠርኩት ሁሉ ዕቃ ነው። መልሱ ያለው ግን ማን ማንን አመነ የሚለው ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አራቱን በዚህ መንገድ ነው ያነበብኳቸው። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር መጽሐፉን አጥፌ ሁለት ጥያቄ እመልሳለሁ። ማን ማንን አመነ? እኔስ ማንን አመንኩ? ሁለተኛው ይከብዳል። ደራሲው ወጥመዱን የሚያጠምደው ለገጸ ባሕርያቱ ብቻ አይደለም፤ ለእኔም ነው።

የእንግሊዝኛውም ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ የማላውቀው ቃል ባገኘሁ ቁጥር ስልኬን አነሣ ነበር። ሽጉጥ ተደግኖ እያለ መዝገበ ቃላት መክፈት ታሪኩን ውኃ ይቸልስበታል። አሁን በእርሳስ አሰምርበትና አልፋለሁ። ምዕራፉ ሲያልቅ ተመልሼ ሳየው ብዙው ከታሪኩ ራሱ ገብቶኛል። የቀረውን ያኔ እፈልጋለሁ። በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀምራችሁ ሃያ ገጽ ላይ የተዋችሁ ካላችሁ ይህን ሞክሩት።

ሁለተኛው የፍሬድሪክ ፎርሳይት «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ነው፤ 1971 እ.ኤ.አ.። የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ለመግደል አንድ እንግሊዛዊ ነፍሰ ገዳይ ይቀጠራል። ደ ጎል ግን በሰው እጅ እንዳልሞቱ ዓለም ያውቃል። በኖቬምበር 1970 እቤታቸው ነው ያረፉት። በዚህም ምክንያት መጽሐፉን አናትምም ያሉ አሳታሚዎች ነበሩ። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ማን ያነባል? እኔም በዚሁ ጥርጣሬ ነው የጀመርኩት።

እሁድ ቡና ተፈልቶ ለእማዬና ለጎረቤታችን አወራሁላቸው። አቦሉ ላይ ሰውየው ሐሰተኛ ፓስፖርት እንዴት እንዳወጣ ነገርኳቸው። በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ መቃብር ይፈልጋል። ስሙንና የተወለደበትን ቀን ከድንጋዩ ላይ ይወስዳል። የልደት ወረቀት ያወጣል፤ ከዚያ ፓስፖርት። ጎረቤታችን አማተበች። «የሕፃን ስም?» አለች። ቶናው ላይ ጠመንጃውን እንዴት እንዳሠራና መርማሪው ሌቤል ከኋላው እንዴት እንደሚከተለው ተረኩ። በረካው ላይ ቀኑ ደረሰ። ኦገስት 25 ነው፣ ፓሪስ ነፃ የወጣችበት በዓል። ረጅሙ ፕሬዚዳንት ለአርበኞች ሜዳልያ ለመስጠት ቆመዋል።

እማዬ በመሐል «ቆይ፣ ሰውየው እቤታቸው ነው የሞቱት አላልሽም?» አለች።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ታስጨንቂኛለሽ!»

ጀበናውን አንሥታ ነበር። ስኒው ላይ አዘንብላ ሳትቀዳ ቆየች። ጎረቤታችን ደግሞ «እኔስ ለዚያ ምስኪን ፖሊስ ነው፤ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» አለች።

ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። እስከዚያ ድረስ ልብ የሚያንጠለጥለው መጨረሻውን አለማወቅ ይመስለኝ ነበር። መጨረሻውን የነገርኳት እናቴ ግን እጇ አየር ላይ ቀረ። እኛ እናውቃለን፣ ሌቤል አያውቅም። እሱ ሲሮጥ የምንጨነቀው ስለምናውቅ ነው። ፎርሳይት የሮይተርስ ጋዜጠኛ ሆኖ ፓሪስ ሠርቷል። የሚጀምረውም በእውነት ከተደረገ ነገር ነው፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ፓሪስ አጠገብ ፔቲ ክላማር ላይ በደ ጎል መኪና ላይ ከተከፈተው ተኩስና ከዚያ በኋላ ከተረሸነው መሪ። ብዙ ሰው ስለ ወረቀትና ስለ ማኅተም የሚያወራው ክፍል ይረዝማል ይላል። እኔ ይበልጥ የያዘኝ እሱ ነው። እያንዳንዱ ማኅተም ሰውየውን አንድ እርምጃ ሲያስጠጋው ይታየኛል።

የዳፍኒ ዱ ሞሪዬ «ርብቃ» (1938 እ.ኤ.አ.) ሦስተኛው ነው። ርብቃ የምትባለው ሴት መጽሐፉ ሳይጀምር ሞታለች። ታሪኩን የምትነግረን አዲሷ ሚስት ስሟ እንኳን አይነገረንም። ለብዙ ገጽ ማንም ሽጉጥ አይመዝም። የቤቱ ኃላፊ ሚስስ ዳንቨርስ ጥቁር ለብሳ በር ላይ ትቆማለች፤ ያ ይበቃል። ፋሲል ግቢ አጠገብ ላደገ ሰው ይህ መጽሐፍ ሩቅ አይደለም። ልጅ ሆነን ባዶዎቹ አዳራሾች ውስጥ ስንገባ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገው ማንም ሳያዘን ነበር። አፄ በካፋ ተራ ሰው መስለው አገሩን ይዞሩ ነበር የሚለውን አፈ ታሪክ እየሰማን ነው ያደግነው። ባለቤቱ የሌለበት ቤት ውስጥ ባለቤቱን መፍራት ምን እንደሆነ እናውቀዋለን።

ያናደደኝ የጊሊያን ፍሊን «ጎን ገርል» ነው፤ 2012 እ.ኤ.አ.። አንዲት ሴት በአምስተኛው የጋብቻ ዓመት በዓላቸው ቀን ከቤቷ ትጠፋለች። ባልዋ ይጠረጠራል። አንዱን ምዕራፍ እሱ ይናገራል፣ ሌላውን የእሷ የዕለት ማስታወሻ። (እኛ ሰፈር ብትሆን እስከ ምሳ ሰዓት እንኳን አትጠፋም፤ ከሦስት ቤት «የት ሄደች?» ይባላል። ብቻቸውን መኖራቸው ራሱ አስፈራኝ።) መሐል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ያ መገልበጥ ግሩም ነው።

ለምን ግሩም እንደሆነ የነገረኝ አጎቴ ነው። በወጣትነቱ ቅኔ ቤት ነበር። ሰምና ወርቅ ሲያስረዳን «ወርቁ ከሰሙ ውስጥ ካልወጣ፣ ከጎረቤት የተበደርከው ነው» ይለን ነበር። ፍሊን መሐል ላይ ያወጣችው ወርቅ ከሰሙ የወጣ ነው። ተመልሼ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ሳነብ አንድም ቃል አልተለወጠም። የተለወጠው እኔ የሰማሁበት መንገድ ነው። ክሪስቲም እንደዚያው ናት። መጨረሻ ላይ ድንገት መንታ ወንድም ወይም ሚስጥራዊ ድርጅት የሚያመጡ መጻሕፍት አሉ፤ እነዚያ የተበደሩ ናቸው፣ ጊዜዬን እንደሰረቁኝ ነው የምቆጥረው። «ጎን ገርል»ን በዚህ አልከሰውም። የሚያናድደኝ መዝጊያው ነው። ባልየው የሚወስነውን ነገር ያደርገዋል ብዬ ማመን አልቻልኩም። ጓደኛዬ የመጽሐፉ ጥንካሬ እሱ ነው ትላለች። በቴሌግራም ድምፅ እየተላላክን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። አልተስማማንም።

አምስተኛው የእኛው ነው፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»። ተማሪ ሳለሁ አንብቤዋለሁ፤ ያኔ የፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር ብቻ ነበር የታየኝ። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ መውጣቱን ስሰማ አማርኛውን እንደገና አነሣሁት፣ በዚህ ጊዜ ደብተሬን ይዤ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም፣ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይሄዳል። ከተማዋ በሰላይ ተሞልታለች። ማን ማንን አመነ? ይህን ጥያቄ እንደ «ኦሮማይ» የሚያስጨንቅ መጽሐፍ አላገኘሁም። ደብተሬ ላይ ያሰመርኩት መስመር ሁሉ እርስ በርሱ ተጠላለፈ።

የሚያንጠለጥለው ግን ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን እያወቅሁ ነው የማነበው። ፀጋዬ ደፈር ብሎ ሲናገር የምፈራው ለፀጋዬ አይደለም። ብዕሩን ለያዘው ሰው ነው። አንዳንድ ገጽ ላይ «ይቺን ተዋት፣ አትጻፋት» ማለት ያምረኛል። ደግሞ ባይጽፋት ኖሮ እኔ ይህን ሁሉ አላነብም ነበር። ሁለቱንም ስሜት አብሬ ይዤ ነው የጨረስኩት።

ይህን ታሪክ ቡና ላይ አልተረክሁትም። ስሙን ስጠራ እማዬ ራሷ ስለዚያ ዘመን ማውራት ጀመረች። ማታ በር ሲንኳኳ ቤተሰቡ ሁሉ ንግግሩን አቁሞ እንዴት ይተያይ እንደነበር ነገረችን። በረካው እስኪያልቅ አዳማጯ እኔ ነበርኩ።

የክሪስቲን የጎደሉ ገጾች ፕሪንት አስደረግኳቸው። መጽሐፉ ላይ አልለጠፍኳቸውም። መድኃኒት በምንሰጥበት የወረቀት ፖስታ ከትቼ አሸግኳቸውና ጀርባው ሽፋን ላይ በስቴፕለር አያያዝኩት። ፖስታው ላይ «ከመክፈትሽ በፊት ግምትሽን ጻፊ» ብዬ ጻፍኩ። አሁን መጽሐፉ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ጋ ነው። ዛሬ ጠዋት ተራ ስንቀያየር ዓይኗ ቀልቷል።

«ደረስሽ?» አልኳት።

ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ሦስት ስም ጽፋ ሁለቱን ሰርዛለች። ፖስታው እንደታሸገ ነው።