በርኒ ሳንደርስ የተጣረሰው ከማን ጋር ነው?

የአሜሪካው ሴናተር በርኒ ሳንደርስ በጦር መሣሪያ ቁጥጥር ጉዳይ «በሁለት ቢላ ይበላል» የሚለው ወቀሳ ለፕሬዚዳንትነት በተወዳደረባቸው ጊዜያት ሁሉ ተከትሎታል። ወቀሳው መሠረት የለውም አልልም፤ ነገር ግን ወቃሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ጣታቸውን የሚቀስሩት በምክር ቤት ከሰጣቸው ድምፆች መቀሰር በማይገባው ላይ ይመስለኛል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቀድሞ የሚነሣበት በ1993 የብሬዲን ሕግ መቃወሙ ነው። ሕጉ ሽጉጥ ገዢው ማንነቱ እስኪጣራ አምስት ቀን እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘውም በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ላይ በተቃጣው የግድያ ሙከራ ጭንቅላቱን ተመትቶ ዕድሜ ልኩን አካል ጉዳተኛ ከሆነው የፕሬስ ኃላፊ ከጄምስ ብሬዲ ነው። ሳንደርስ ያን ጊዜ በተወካዮች ምክር ቤት አንድ መቀመጫ ብቻ ያላትን የቨርሞንትን ግዛት ይወክል ነበር። ቨርሞንት በአብዛኛው ገጠር ናት፤ ኅዳር ሲመጣ አባትና ልጅ ጠመንጃቸውን አንግተው አጋዘን አደን ይወጡባታል፣ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ እንኳ ፈቃድ አይጠየቅባትም። ሳንደርስ ራሱ እንደሚናገረው በ1988 ለዚሁ መቀመጫ ተወዳድሮ ለመሸነፉ አንዱ ምክንያት የጦር ሜዳ ጠመንጃ የሚመስሉት መሣሪያዎች ለሲቪል እንዳይሸጡ መደገፉ ነበር። ያሸነፈው ሪፐብሊካኑ ፒተር ስሚዝ ኮንግረስ ከገባ በኋላ ራሱ ይህንኑ እገዳ ደገፈና ለጠመንጃ ባለቤቶች መብት የሚሟገተው ብሔራዊው የጠመንጃ ማኅበር ዘመተበት፤ በ1990 መቀመጫው የሳንደርስ ሆነ። በ1994 ግን ሳንደርስ ያንኑ እገዳ ደግፎ ድምፅ ሰጠ፤ ረቂቁም በ216 ለ214 አለፈ።

እንግዲህ በ1993 «አይሆንም»፣ በ1994 «ይሁን» ማለቱን ብዙዎች መገለባበጥ ይሉታል። እኔ ግን የሚታየኝ የአዳኙን ጠመንጃ ከጦር ሜዳው ለመለየት የሞከረ የገጠር ተወካይ ነው። ደርሶ ጠበቃው እንዳልመስል ግን የአምስቱ ቀን ጥበቃ የሚመለከተው ሽጉጥ ገዢን እንጂ አጋዘን አዳኝን አልነበረምና የቨርሞንት አዳኞች ሰበብ እዚህ ላይ አይዋጥልኝም።

ዋናው ጉዳይ ያለው በ2005 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ የጦር መሣሪያ አምራቾችና ሻጮች ምርታቸው ለወንጀል በመዋሉ ምክንያት በተጎጂዎች እንዳይከሰሱ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጥበቃ ሰጣቸው፤ በእኛ አነጋገር ያለመከሰስ መብት ማለት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በ283 ለ144 ሲያጸድቀው ሳንደርስ ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ባንኮችን፣ የመድኃኒት ኩባንያዎችንና የነዳጅ ድርጅቶችን «ለሠራችሁት ጥፋት ተጠየቁ» ሲል የኖረ ሰው ለአንድ ኢንዱስትሪ ከፍርድ ቤት የሚያስጥል ጋሻ ሰጠ። እዚህ ላይ የተጣረሰው ከትናንት ድምፁ ጋር ሳይሆን ከገዛ እምነቱ ጋር ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ከብዶ የሚታየኝም ስለዚህ ነው።

በኦክቶበር 2015 ላስቬጋስ በተደረገው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ተወዳዳሪዎች ክርክር ስለዚህ ድምፅ ሲጠየቅ ሕጉ ትልቅና ውስብስብ እንደነበር ተናገረ፤ በ2005 ሴናተር ሆና ሕጉን የተቃወመችው ተፎካካሪው ሂላሪ ክሊንተንም ለእኔ ያን ያህል አልተወሳሰበብኝም ብላ መለሰችለት። (እሷም ብትሆን በ2008 ኦባማን ስትፎካከር አባቷ በልጅነቷ ተኩስ እንዳስተማሯት እያነሣች ገጠሩን ስታባብል ነበር።) ሳንደርስ በጃንዋሪ 2016 ያንን ጥበቃ የሚያነሣውን ረቂቅ እንደሚደግፍ አስታወቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ሚሺጋን ውስጥ በፍሊንት ክርክር ላይ፣ በሕጋዊ መንገድ የሸጠውን አምራች ተጠያቂ ማድረግ በአሜሪካ የጠመንጃ ማምረትን ማስቀረት ነው ሲል ተከራከረ። ወቃሾቹ የሚፈልጉት መገለባበጥ እውነት ካለ፣ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ሳያስፈልጋቸው በዚህ ክርክር ያገኙታል።

ሕጉ በተግባር ምን እንደሚመስል የታየው በሳንዲ ሁክ ወላጆች ላይ ነው። በዲሴምበር 2012 በኮኔቲከት ግዛት በሳንዲ ሁክ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ሕፃናትና ስድስት የትምህርት ቤቱ ባልደረቦች ከተገደሉ በኋላ ዘጠኝ ቤተሰቦች የጠመንጃውን አምራች ሬሚንግተንን ሲከሱ ይኸው ሕግ ከፊታቸው ተገተረ። ያለፉት ከልዩ ሁኔታዎቹ በአንዱ ሾልከው፣ ማለትም ኩባንያው ጠመንጃውን ያስተዋወቀበት መንገድ የኮኔቲከትን የንግድ አሠራር ሕግ ይጥሳል ብለው በመከራከር ነው። በ2022 የኩባንያው መድን ሰጪዎች 73 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ ከጥቃቱ እስከዚያ ድረስ ዘጠኝ ዓመት አልፏል።

በፌብሩዋሪ 2020 ቻርለስተን ላይ በተደረገው ክርክር ተፎካካሪው ጆ ባይደን ይህንኑ የ2005 ድምፅ ሲያነሣበት፣ ሳንደርስ በሺህ የሚቆጠር ድምፅ መስጠቱን ጠቅሶ ያ መጥፎ ድምፅ እንደነበር አመነ። ማመኑ ያስከብረዋል። እኔ ግን መስማት የምፈልገው የቀጣዩን ጥያቄ መልስ ነበር፤ ለባንክ ያልፈቀደውን ለጠመንጃ ፋብሪካ የፈቀደው በምን ሒሳብ ነው?