የአሮጌ ላንድክሩዘር ካምቢዮ ዘይት በግቢዬ ስቀይር የተማርኩት

የሞተር ዘይት የማይቀይር ባለመኪና የለም። የካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ዘይት ግን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። እንደ ሞተር ዘይት መዝዘን የምናይበት መለኪያ ዘንግ የለውም። ሲጎድል ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ መብራትም የለም። ትዝ የሚለን ካምቢዮው መጮህ ሲጀምር ነው። ያኔ ደግሞ ወጪው ሌላ ነው።

የኔ መኪና ሰባዎቹ ከሚባሉት ላንድክሩዘሮች አንዷ ናት። ቶዮታ ይህን ዘር ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የኔዋ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሞተሯ 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ 4,164 ሲሲ። ቱርቦ የላት፣ ኮምፒውተር የላት። ካምቢዮዋ ባለ አምስት ማርሽ ነው። ከካምቢዮው ኋላ ደግሞ ሪዶታው አለ፤ ኃይሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል ማለት ነው። ካምቢዮውና ሪዶታው ተያይዘው የተገጠሙ ቢሆኑም ዘይታቸው ለየብቻ ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሥራውን እንድጀምር ያደረገኝ ሁለተኛ ማርሽ ነው። ጠዋት ጠዋት አልገባም ይላል። ሞተሩ ሲሞቅ ይሻለዋል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ቀላል አይደለም፤ ዘይት ይወፍራል፣ ማርሽም ይከብዳል። ያ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ። ግን ከሞቀም በኋላ አንዳንዴ ይንገጫገጭ ነበር።

ማርሽ ሲንገጫገጭ ሁሉም ሰው ጣቱን ካምቢዮው ላይ ይቀስራል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ፍሪሲዮኑ ነው፤ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ ካምቢዮው አዲስም ቢሆን ይንገጫገጫል። መፈተሻው ቀላል ነው። መኪናዋን ቆማ አስነሱ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ርገጡና ትንሽ ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡ። ያለ ድምፅ ከገባ ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ነው። ከተንገጫገጨ ዘይት ለመግዛት አትቸኩሉ፤ የፍሪሲዮኑን ዘይትና ሲሊንደሮቹን እዩ። የኔዋ ዝም ብላ ገባች። ስለዚህ ወደ ካምቢዮው አለፍኩ።

ዘይት ልገዛ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወጣሁ። እዚያ «የካምቢዮ ዘይት» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ለዲፈረንሻልም፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ለሚያከፋፍለው ክፍል፣ የሚሸጠው ነው። ልዩነት ግን አለው። ጀሪካኑ ላይ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል የዘይቱ ደረጃ ተጽፏል። ጂኤል-5 የተሠራው በዋናነት ለዲፈረንሻል ነው። የዲፈረንሻል ጥርሶች እየተፋጩ ስለሚንሸራተቱ ብረቱን የሚከላከል የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም በብዛት ይጨመርበታል። ካምቢዮ ውስጥ ግን ሲንክሮ የሚባሉ የነሐስ ቀለበቶች አሉ። የሁለቱን ማርሽ ፍጥነት የሚያስተካክሉት በመፋተግ ነው። ዘይቱ ከመጠን በላይ አንሸራታች ከሆነ ሥራቸውን መሥራት ያቅታቸዋል። አንዳንዱ የሰልፈር ቅመም ደግሞ ሲሞቅ ነሐስን ይበላል። ስለዚህ እኔ ጂኤል-4፣ ውፍረቱ 75ደብሊው-90 የሆነ ያዝኩ። ለሪዶታውም ያንኑ ገዛሁ። የሁለቱ ዘይት አንዱ ወደ ሌላው የማለፍ ዕድል ስላለው አንድ ዓይነት ቢሆን ይሻላል። ስትገዙ የክዳኑን ቀለበት እዩ። ተከፍቶ የተዘጋ የሚመስል ጀሪካን ቢረክስም አትንኩት።

ለሁለቱም አዲስ የመዳብ ሮንዴላ፣ በመዝጊያው ሥር የሚገባውን ቀለበት፣ ገዛሁ። ሮንዴላ ዋጋው ትንሽ ነው፤ አሮጌውን መልሶ መግጠም ግን ጠብታ ይጋብዛል።

ሥራው ላይ የመጀመሪያው ጉዳይ ደኅንነት ነው። ይህች መኪና ከመሬት ከፍ ስለምትል ክሪክ አያስፈልጋትም፤ ተንጋልላችሁ ትገባላችሁ። መሬቱ ግን ለጥ ያለ መሆን አለበት። የመኪናዋ አፍንጫ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የዘይቱ ልክ ይዋሻል። አራቱንም ጎማ በታኮ አስያዝኩ። አንደኛ ማርሽ ማስገባት ብቻ በቂ እንዳይመስላችሁ። የሪዶታው ማንሻ ኤን (ነፃ) ላይ ከሆነ ካምቢዮው አንደኛ ላይ ቢሆንም ጎማዎቹ ነፃ ናቸው፤ መኪናዋ ትንከባለላለች። ከሥሯ የተኛ ሰው ይህን ሊረሳ አይገባም።

ዘይቱ ሞቅ እንዲል አጭር ነድቼ መጣሁ። ለብ ያለ ዘይት ከሥር ያለውን ዝቃጭ ይዞ ይወጣል። በጣም የጋለ ግን እጅ ያቃጥላል፤ ጭስ ማውጫውም ቅርብ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዱ እንደሆነ ይህን ያዙ። መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው፣ ዘይት የሚሞላበት ታፖ (የቀዳዳው መዝጊያ ብሎን) ነው። የታችኛውን ፈትታችሁ ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ የላይኛው እምቢ ቢል መኪናዋ ባዶ ካምቢዮ ይዛ ግቢ ውስጥ ትቀራለች። የኔዋ እምቢ ብላ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ በረጅም ቁልፍ ከመጠን በላይ አጥብቆታል፤ በላዩ ጭቃ ደርቆበታል። በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩት። ላምባ አጠጥቼ አሳደርኩት። በማግሥቱ በ24 ቁልፍ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን በሆነው፣ እጀታው ላይ ቧንቧ አስረዝሜ ፈታሁት። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ቁልፍ የታፖውን ጠርዝ ያንሸራትታል፤ ጠርዙ ከሄደ ሌላ ጣጣ ነው።

ከዚያ ዘይቱን ሳላፈስ ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ። በደንቡ ዘይቱ የቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ላይ መድረስ አለበት። እኔ ግን ጣቴን ወደ ታች ባጥፈውም ዘይት አላገኘሁም። መሬት ላይ ግን ጠብታ አይቼ አላውቅም።

መልሱ የመጣው የሪዶታውን ታፖ ስፈታ ነው። ገና ሳይወጣ ዘይት መፍሰስ ጀመረ። ከልክ በላይ ሞልቷል።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜውን በላንድክሩዘር ሥር ያሳለፈ ሽማግሌ መካኒክ አለ። ሄጄ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ዘይቱ የት ሄደ? ውጪ አልፈሰሰም እኮ» አልኩት።

«የት ይሄዳል ልጄ» አለኝ። «ሪዶታው ጠጥቶት ነው።»

በካምቢዮውና በሪዶታው መካከል አንድ ፓራውሊ፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ የጎማ ቀለበት፣ አለ። ጎማው ሲደርቅና ሲያልቅ ዘይቱ ከካምቢዮው ወደ ሪዶታው ቀስ እያለ ያልፋል። ውጪ ምንም አይታይም። ካምቢዮው ይደርቃል፣ ሪዶታው ይሞላል። በእነዚህ አሮጌ መኪኖች ላይ የታወቀ ችግር ነው። አንዱን ብቻ ከፍቶ የሚያይ ሰው ግን አይደርስበትም። ለዚህ ነው ሁለቱን ከማፍሰሳችሁ በፊት ሁለቱንም ለኩ የምለው። ጋራዥ ውስጥ የታችኛው ታፖ ቶሎ ይፈታል፣ ዘይቱ ከሌላው ጋር ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ አዲሱ ይሞላል። መኪናዋ የነገረችው ነገር አብሮ ይደፋል።

እኔ ሁለቱን በየራሳቸው ንጹሕ ሳህን ተቀበልኩ። ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አየሁት። የካምቢዮው ዘይት ጠቁሯል፤ ውስጡ ደቃቅ ወርቃማ ብናኝ ያብለጨልጫል። ያ ብናኝ የሲንክሮው ነሐስ ነው። ጥቂት ከሆነ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ታፖው ላይ የተለጠፈው ግራጫ፣ በጣት ሲታሽ የሚልም የብረት ጭቃ ነው፤ እሱም አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው በጣት የሚያዝ ስባሪ ነው፤ የማርሽ ጥርስ ቁራጭ ወይም የኩሺኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ልጣጭ። እሱን ካያችሁ አዲስ ዘይት አትጨምሩ። ካምቢዮው መከፈት አለበት። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል።

ውሃ እንዴት ይገባል? ካምቢዮው ላይ መተንፈሻ አለ። ዘይቱ ሲሞቅ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና በዚያ ይወጣል። አፋር ወርዳችሁ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ውስጥ ነድታችኋል እንበል። ካምቢዮው ግሏል። ከዚያ ወንዝ ውስጥ ትገባላችሁ። ብረቱ በአንዴ ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይጨማደዳል፣ ካምቢዮው አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻው በአቧራ ተደፍኖ ከሆነ አየሩን የሚስበው በፓራውሊዎቹ በኩል ነው። እዚያ ያለው ደግሞ ውሃ ነው። ስለዚህ መተንፈሻውን አውጥቼ በናፍጣ አጠብኩት፤ በአፌ ስነፋው አየር እስኪያልፍ ድረስ። ብዙ ወንዝ የሚሻገር ሰው በቱቦ ወደ ላይ ወደ ሞተሩ ክፍል ቢያስረዝመው ጥሩ ነው። ከጎማው መሐል ከፍ ያለ ውሃ ከተሻገራችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዘይቱን እዩት።

መሙላቱ ያስቸግራል። ቀዳዳው ጎን ላይ ስለሆነ ጀሪካን አይደርስበትም፤ ዘይቱም ወፍራም ነው። ፓምፕ ያለው ይጠቀም። እኔ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ አንገቱን ረጅም ቱቦ ውስጥ ሰካሁ። ጠርሙሱን ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጌ አሰርኩ፣ ቱቦውን ወደ ታች ለቅቄ ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩት። ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ስለዋለ ዘይቱ ቀስ እያለ ወረደ። ከቀዳዳው መንጠብጠብ ሲጀምር ሞልቷል ማለት ነው። መንጠባጠቡ እስኪያቆም ጠብቄ ታፖውን አሰርኩ። በመጠኑ ጠበቅ፣ በቃ። ሮንዴላው አዲስ ስለሆነ ጉልበት አያስፈልገውም።

የወጣውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉ። በጀሪካን አድርጌ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ወሰድኩት።

ወደ እንጦጦ ዳገት ይዣት ወጣሁ። ማርሹ ለሰለሰ። መንገጫገጩ ሲሞቅ ጠፋ። ጠዋት ላይ ሁለተኛው አሁንም ትንሽ ይከብዳል፤ ያለቀ ነሐስን ዘይት አይመልሰውም። ብርድ ሲሆን የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንደሚያደርጉት ፍሪሲዮኑን ሁለቴ እረግጣለሁ። አንዴ ማርሹን ለማውጣት፣ አንዴ ለማስገባት። በቂ ነው።

ፓራውሊው ግን በዘይት ቅያሬ አይድንም። እሱን ለመቀየር ሪዶታው መውረድ አለበት። ከባድ ነው፤ አንድ ሰው ተንጋሎ በደረቱ የሚቀበለው ዕቃ አይደለም። እሱን ለጋሼ ትቼዋለሁ። እስከዚያው በየወሩ ሁለቱንም ታፖ ከፍቼ በጣቴ እለካለሁ። ሪዶታው ከሞላ ትርፉን አወጣለሁ፣ የካምቢዮውን ጉድለት በአዲስ እተካለሁ። ሙሉ ቅያሬውን ደግሞ ከአሁን በኋላ በየ20,000 ኪሎ ሜትር አደርጋለሁ፤ የምነዳው ኮሮኮንች ላይ ነውና። መለዋወጫውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ሪዶታው ሲወርድ የመካከሉን ብቻ ሳይሆን የኋላውን ፓራውሊም አብሮ እንዲቀይርልኝ ተነጋግረናል፤ ለዚያች ጎማ ሁለተኛ ማውረድ አያዋጣም።