ጥቁር ጠጠር ሲደርሰኝ

ፍራንክፈርት በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ማክሰኞ ማታ ከሥራ መልስ በማዘወትረው የቼዝ ክበብ ጥቁር ጠጠር በደረሰኝ ቁጥር የምጫወተው ላለመሸነፍ ብቻ ነበር። ነጩ በአንድ እርምጃ ስለሚቀድም፣ እርሱ የሚያደርገውን እያዩ አጸፋ መመለስ የጥቁሩ ዕጣ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ ልማድ ያላቀቀኝ የዓለም ሻምፒዮኖቹ ፊሸርና ካስፓሮቭ የታመኑበት ኪንግስ ኢንዲያን የተባለው የጨዋታ መክፈቻ ነው። ጥቁሩ ፈረሱን ኤፍ6፣ በሰያፍ የሚሄደውን ቢሾፕ ጂ7 ላይ አቁሞ (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል) ንጉሡን በካስሊንግ፣ ማለትም ንጉሡንና ግንቡን በአንድ እርምጃ በማዛወር፣ ይሸሽጋል፤ የሰሌዳውን መካከል ግን ለጊዜው ለነጩ ይለቅና ቆይቶ በኢ5 ይጋፋዋል። ነጩ ወታደሩን ወደ ዲ5 ገፍቶ መካከሉን ሲዘጋ ሰሌዳው ለሁለት ይከፈላል፤ ነጩ በንግሥቲቱ ወገን በሲ5 ሲመጣ፣ ጥቁሩ የገዛ ንጉሡን የሚከልሉትን ወታደሮች ሳይቀር በኤፍ5፣ በኤፍ4፣ በጂ5 እያከታተለ በነጩ ንጉሥ ላይ ይነዳቸዋል። ይህ መስመር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ውድድር ከተካሄደባት የአርጀንቲናዋ ማር ዴል ፕላታ ነው።

እኔ ለወራት የተሸነፍኩት የማጥቂያውን ጊዜ በመከላከል እያባከንኩ ነው። በተለይ ሲ8 ላይ ሥራ የፈታ የሚመስለውን ቢሾፕ ለመለዋወጥ እቸኩል ነበር፤ ኋላ ኤች3 ላይ ራሱን ሠውቶ የነጩን ንጉሥ አጥር የሚያፈርሰው እርሱ መሆኑን የተረዳሁት ብዙ ጨዋታ ከከሰርኩ በኋላ ነው። ዛሬ ይህን መክፈቻ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ያን ቢሾፕ እንዲጠብቅ ነው።

ለጥምቀት ጎንደር ስገባ ሰሌዳዬን ይዤ ነበርና፣ ታቦታቱ በገቡ ማግስት አራዳ ባለው ቤታችን ከአጎቴ ጋር ተቀመጥን። አጎቴ ቼዝን በተማሪነታቸው ቢለምዱም፣ ልባቸው ያለው ከአባታቸው በወረሱት ሰንጠረዥ በተባለው የአገራችን ጥንታዊ ቼዝ ላይ ነው። ነጩን ይዘው የመጀመሪያ እርምጃዎቼን ካዩ በኋላ እጃቸውን ከሰሌዳው አነሡ። «ልጄ፣ ይህማ ወረራ ነው፤ ሳትነካኝ ጦርህን አሰለፍህ እኮ!» አሉኝ።

በሰንጠረዥ ጅማሬ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በየራሳቸው ፍጥነት፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እየተመለከተ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ የሚባለውም ይህ ነው። ለዓመታት ስጠብቀው የኖርኩት የነጩ ቀዳሚነት በአያቴ ጨዋታ ፈጽሞ የማይታወቅ ነገር መሆኑን እያሰብኩ ዝም አልኩ።

ጨዋታውን በጂ4 ግፊት አሸነፍኩ። አጎቴ ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ ጠጠሮቹን እንደገና ደረደሩና፣ ንግሥቲቱ ከእንግዲህ የሰንጠረዡ ፈርዝ መሆኗን፣ በአንድ ጊዜም ከአንድ ቤት በላይ እንደማትሄድ ነግረውኝ «በል ጀምር» አሉኝ። እርሳቸው ስድስተኛውን ጠጠር ሲያነሡ፣ እኔ ተራዬን መጠበቅ ስለለመድኩ ገና ሁለተኛውን ነበር የያዝኩት።