ሊዝበን በእማዬ ጉልበት ልክ

ስለ ሊዝበን ያነበብኩት ምክር ሁሉ ጉልበቱን ለማያመው ሰው የተጻፈ ነው። ኮረብታው ላይ ውጡ፣ በደረጃው ውረዱ፣ ማታ ሌላ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ጀንበር ስትጠልቅ እዩ ይላል። እኔ ደግሞ የምሄደው ከእማዬ ጋር ነው። ፍራንክፈርት ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ባሕር አካባቢ ያለ ጥንታዊ ከተማ ማየት አማራት። ደረጃ ስታይ ገና ከሩቁ "ኧረ በሥላሴ!" የምትል ሴት ናት። ሊዝበን ደግሞ የ7 ኮረብታ ከተማ ትባላለች። ሌላ አገር ልምረጥልሽ ብላት አልሰማ አለች። የቫስኮ ዳ ጋማን ስም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አገሩን ካላየሁ አለች።

ወረቀቱ ቀላል ነበር። የጀርመን ሼንገን ቪዛዋ ለፖርቱጋልም ይሠራል። እኔም በመኖሪያ ፈቃዴ መሄድ እችላለሁ። ድንበር ላይ ፍተሻ የለም ብላችሁ ግን ፓስፖርታችሁን ቤት እንዳትተዉ። ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም።

ቀኑን የመረጥነው በጾም ካላንደር ነው። እማዬ ረቡዕና ዓርብ አትገድፍም። ሊዝበን ውስጥ እንቁላል፣ አይብና ቅቤ የሌለበት ምግብ ስትፈልጉ መዋል ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ስለዚህ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሄድን። አየሩም ተስማማን፤ የሐምሌና የነሐሴ ሙቀትና ግርግር ገና አልደረሰም ነበር።

ከዚያ ወደ ዳገቱ ጉዳይ ገባሁ። የሚጎበኙ ቦታዎችን ዝርዝር ወደ ጎን አድርጌ፣ መጀመሪያ የቱ ሰፈር ሜዳ፣ የቱ ገደል እንደሆነ ለየሁ። ካርታ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መንገዶች መሃላቸው ረጅም ደረጃ ሊኖር ይችላል። ማደሪያ ስፈልግ የየመንገዱን ፎቶ በስልኬ እያየሁ፣ ከሆቴሉ በር እስከ ሜትሮው ድረስ በዓይኔ ተራመድኩ። አልፋማ የሚባለው የድሮ ሰፈር ያሉት ክፍሎች ያምራሉ። ግን መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ብዙው ቤት አሳንሰር የለውም። ባይሻ የሚባለው መሃል ከተማ ሜዳ ነው፤ እዚያ ያዝን።

የሚገርመው ይህ ልዩነት ራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲከበር፣ ሊዝበንን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። የባሕር ማዕበልና ቃጠሎ ተከተለ። ባይሻ ወደመ። በኋላ ማርኬስ ዴ ፖምባል የሚባለው ሹም ቀጥ ቀጥ ባሉ ሰፋፊ መንገዶች እንደገና አሠራው፤ ቤቶቹንም መንቀጥቀጥ እንዲችሉ በግድግዳቸው ውስጥ የእንጨት ማገር አስገቡባቸው። አልፋማ ግን በአብዛኛው ስለተረፈ የድሮ ጠመዝማዛውን እንደያዘ ቀረ። እማዬ ጉልበቷን ሳያማት የምትሄድበት ሁሉ ከ1755 በኋላ የተሠራ ሆኖ አገኘሁት።

ኮረብታውንም ሙሉ በሙሉ አልተውነውም። ከባይሻ ከፍ ብሎ ወዳለው ሺያዱ ሰፈር ያለው ዳገት ከባድ ነው። ባይሻ-ሺያዱ የሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ግን አንዱ በሩ ታች፣ ሌላው ላይ ነው። መሃል ላይ ረጃጅም ኤስካሌተሮች አሉ። ባቡር ባትሳፈሩም በነሱ መውጣት ይቻላል። ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ግንብ ደግሞ ሩዋ ዶስ ፋንኬይሮስ የሚባለው መንገድ ላይ ነጻ የከተማ አሳንሰር አለ። ከሱ ወጥታችሁ ትንሽ ተራምዳችሁ፣ ሱፐርማርኬት ባለበት ሕንፃ ውስጥ ሁለተኛውን ትይዛላችሁ። ከውጭ ሲያዩት ተራ ሕንፃ ስለሚመስል ብዙ ቱሪስት ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ በፀሐይ ዳገቱን ይወጣል።

ትራም 28 ጠባብ ነው፣ ይጨናነቃል፣ ኪስ አውላቂም ይወደዋል። በማለዳ ከካምፖ ዴ ኦሪኬ ጫፍ ከተሳፈራችሁ ግን መቀመጫ አለ። እኛም እንዲሁ አደረግን። ሌላው ነገር ጫማ ነው። የእግረኛው መንገድ የተነጠፈበት ነጭ ድንጋይ ከመረገጥ ብዛት እንደ መስታወት አብረቅርቋል፤ ያንሸራትታል። ጎማ ሶል ግድ ነው።

ቤሌም ወደሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር የሄድነው ማክሰኞ ነው፤ ሰኞ የጄሮኒሞስ ገዳም ዝግ ነው። ትራም 15 በወንዙ ዳር በሜዳው ይወስዳችኋል። የገዳሙን ውስጠኛ ግቢ ለማየት ቲኬትና ሰልፍ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን በነጻ ነው፤ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብርም እዚያው ውስጥ ነው። እማዬ ሰውየውን አየችና በቃኝ አለች።

እኔን የያዘኝ ወንዙ ዳር ያለው የአሳሾች ሐውልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራ፣ 33 ሰዎች የተቀረጹበት የመርከብ ቅርጽ ነው። ከመሄዴ በፊት ስማቸውን አገላብጬ ስለነበር ሁለቱን ፈለግኳቸው። አንዱ የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1541፣ 400 ነፍጠኞች ይዞ በምጽዋ በኩል መጣ፤ በ1542 በኢማም አሕመድ እጅ ተይዞ ተገደለ። የተረፉት ጓደኞቹ በማግስቱ ዓመት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው ተዋጉ። ሁለተኛው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነው። በ1487 ከፖርቱጋል ንጉሥ ተልኮ ወጣ፣ ኢትዮጵያ ደረሰ፣ ርስት ተሰጠው፣ መመለስ ግን አልተፈቀደለትም። በ1520፣ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ሲያገኘው አርጅቶ ነበር። ይህን ስነግራት እማዬ "እናቱስ?" አለች። ምን እመልስላታለሁ?

በተቃራኒው መንገድ የሄደው ጸጋ ዘአብ ከ33ቱ መሃል የለም። የልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ በ1527 ሊዝበን ገብቶ ለዓመታት የቆየ ሰው ነው። በመርከቦቹ የተጫኑት ባሮችም ሐውልቱ ላይ አይታዩም። ያማረ ድንጋይ ነው፤ ግን የሚናገረው ግማሹን ነው።

ሲንትራን ሁሉም ሂዱ ይላችኋል። ተራራ ላይ ቤተ መንግሥት ያለባት ከተማ ናት፤ ዘለልናት። በምትኩ ከካይስ ዶ ሶድሬ ጣቢያ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ሄደን ካስካይስ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወረድን። ሜዳ፣ አሸዋ፣ ውቅያኖስ። የሷ ምኞት መጀመሪያም ይኸው ነበር።

ስለ ገንዘብ ሁለት ነገር ልበል። ለእያንዳንዱ ሰው በአንድ ሌሊት 4 ዩሮ የከተማ ግብር አለ፤ ብዙ ጊዜ ከክፍሉ ዋጋ ውጭ ነው። ምግብ ቤት ስትቀመጡ ደግሞ ሳታዝዙ ዳቦ፣ ወይራና አይብ ይቀርብላችኋል። ግብዣ እንዳይመስላችሁ፤ ከነካችሁት ሒሳብ ላይ ይደመራል። መልሱት ማለት ነውር የለውም። እማዬ ይህን ከነገርኳት በኋላ አሳላፊው ገና ሳህኑን ሳያስቀምጥ "አላዘዝንም የኔ ልጅ፣ ውሰደው" ትለው ነበር፣ በአማርኛ። ሁሌም ይገባቸዋል።