«ለስንት ቀን መጣሽ?»

አየርላንድን መጀመሪያ ያየኋት በአውሮፕላን መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስንበር ደብሊን ላይ ነዳጅ ይቀዳ ነበር። ከመቀመጫችን ሳንነሳ እርጥብ አስፋልትና አረንጓዴ ሜዳ አይተን እናልፋለን። ዘንድሮ ግን ወረድኩ።

ከደብሊን ኮርክ፣ ከኮርክ ደግሞ በባቡር ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ተጉዤ ኮቭ ገባሁ። ቁልቁለቱ ላይ ባለቀለም ቤቶች ተደርድረዋል። ከላያቸው ትልቅ ካቴድራል፣ ከታች ባሕር። ታይታኒክ በ1912 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው) መጨረሻ የቆመችው እዚህ ስለሆነ ቱሪስቱ ስለ እሷ ይጠይቃል። እኔን የያዘኝ ሌላ ቁጥር ነው። ከ1848 እስከ 1950 ከአየርላንድ ከተሰደዱት 6 ሚሊዮን ሰዎች 2.5 ሚሊዮኑ የተሳፈሩት ከዚህች ሚጢጢ ከተማ ነው።

ወደቡ ላይ አኒ ሙር ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ጋር ሐውልት ሆና ቆማለች። ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ኒውዮርክ ያለው የኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ናት። እዚያው ኖራ እዚያው ሞተች። ያኔ የሄደ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ልጅ ሊሄድ ሲል ዋዜማውን ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሬሳ እንዳለበት ቤት፣ አብሮት ያድራል። ይበላል፣ ይጨፈራል፣ ይለቀሳል። «የአሜሪካ ለቅሶ» ይሉታል። በቁም ተዝካር ማለት ነው።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት እኩያዬ ናት፤ ሁለታችንም ሃምሳዎቹን አጋምሰናል። ቁርስ ላይ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ኑሮዬ ሜሪላንድ ነው፣ የሄድኩት በዲቪ ነው አልኳት።

«ሎተሪ!» ብላ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

ለካ እሷም ቦስተን የኖረችው በዕጣ ነው። በ1980ዎቹ ሥራ ሲጠፋ ብዙ የአየርላንድ ወጣት አሜሪካ ሊጎበኝ ሄዶ ያለ ወረቀት ይቀር ነበር። በ1990 በወጣው ሕግ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 40,000 ቪዛ ሲታደል 40 በመቶው ለእነሱ ተለየ። የእኛ ዲቪም የተወለደው በዚያው ሕግ ነው፣ ሥራ የጀመረው በ1995። ፎቶ ቤት ተሰልፈን የሞላነው ዲቪ አይሪሽ ዘመድ እንዳለው ያወቅኩት እንግዲህ እንቁላል እየበላሁ ነው።

«ታዲያ ለምን ተመለስሽ?»

«እናቴ ታማ» አለች። ትንሽ ቆይታ ሳቀች። «እውነቱን ልንገርህ? ሳይደውል በሬን ገፍቶ የሚገባ ጎረቤት ናፍቆኝ ነው።»

ጎረቤቶቿ ግን አሁን ጠዋት ኮርክ ለሥራ ይነዳሉ፣ ማታ በራቸውን ይዘጋሉ። «መጀመሪያ ቴክስት ያደርጉልኛል» አለች፣ እንደ ተሰደበ ሰው። ካልተዘጋጀችባቸው ነገሮች ሁሉ ያስቀየማት መንጃ ፈቃዱ ነው። የአሜሪካው እዚህ አይቀየርም። ሃያ አምስት ዓመት ስትነዳ ኖራ ከጎረምሶች ጋር ቲዮሪ ተፈተነች። የመንዳት ፈተናውን መጀመሪያ ወደቀች። ኢንሹራንሱም እንደ ጀማሪ አስከፈላት።

ወጣቶቹ የሚመለሱት ልጆቻቸው አያቶቻቸው አጠገብ እንዲያድጉ ብለው ነው አለችኝ። ግን ኪራዩ አይቀመስም። እስከ ኤፕሪል 2024 በነበረው አንድ ዓመት 30,000 ያህል አይሪሾች አገራቸው ገብተዋል፤ በዚያው ዓመት የወጡት ግን ከገቡት ይበልጣሉ።

እሷ ከተመለሰች ስድስት ዓመቷ ነው። ሱቅ ገብታ አፏን ስትከፍት ቦስተን ቦስተን ይላል መሰል፣ አሁንም «ለስንት ቀን መጣሽ?» ይሏታል። ሳቄ መጣ። ቦሌ ላይ አክስቴ አቅፋኝ ሳትለቀኝ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

«አንተስ?» አለችኝ ሳህኑን እያነሳች፣ «አገርህ የምትገባው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ» አልኳት፣ ስለ ትኬቴ የጠየቀችኝ መስሎኝ።