ለማራቶን ስዘጋጅ ውሃ ሊገድለኝ ነበር

ድሬዳዋ ተቀምጦ ለማራቶን ለሚዘጋጅ ሰው ነው ይህን የምጽፈው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ጫማ ገዛሁ፣ ግማሽ ቁጥር ሰፋ ያለውን። ሦስት ወር በሳምንት አራት ቀን ከከዚራ ተነስቼ ወደ ሳቢያን ሮጥኩ። የደቻቱን ወንዝ አሸዋም ሞከርኩት፤ ተረከዜን ሲያመኝ ተውኩት። ይሄን ሁሉ ማንም ይወጣዋል።

ጉድ የመጣው በ28 ኪሎ ሜትሩ ቀን ነው። ግንቦት ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ሲገባኝ እንቅልፍ ጣለኝና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጣሁ። የድሬን የግንቦት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሙቀቱን ስለፈራሁ በየሱቁ እየቆምኩ ጠጣሁ። «ሳይጠማህ ጠጣ» ያላለኝ ሰው አልነበረም። በ4 ሰዓት ውስጥ አሥር ግማሽ ሊትር ውሃ ጨረስኩ።

20ኛው ኪሎ ላይ ሆዴ ይንቦጫቦጭ ጀመር። ቤት ስደርስ ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ያጥወለውለኛል። ጣቶቼ አብጠው የጋብቻ ቀለበቴ አልወጣ አለ። ባለቤቴ ስታናግረኝ መልሱ ይጠፋኛል። በባጃጅ ይዛኝ በረረች።

መጀመሪያ የገባንበት ክሊኒክ ያለው ባለሙያ ጣቶቼን እንኳ አላየም። «አቦ፣ ፀሐይ መትቶህ ነው፤ ውሃ ጠጣ!» ካርዱ ላይ «የፈሳሽ ማነስ» ብሎ ጻፈ። ደም ሳይለካ ሌላ አንድ ሊትር አስጠጣኝ። አስመለሰኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ባለቤቴ እምቢ ብላ ሌላ ቦታ ወሰደችኝ። እዚያ ያለችው ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስትወጣ ስንት ኪሎ ነበርክ?» የሚል ነበር። 68 ነበርኩ። ሚዛን ላይ አወጣችኝ፤ 69 ሆኛለሁ። 28 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ኪሎ ጨመረ! የደሜ ሶዲየም፣ ማለትም ጨው፣ 127 ወጣ። ጤነኛ ሰው ከ135 አይወርድም። ላቤ ጨው ይዞ ወጥቷል፣ እኔ የተካሁት ውሃ ብቻ ነው። ረጅም ሩጫ ላይ ደግሞ ኩላሊት ውሃ ቶሎ አያስወጣም። ሶዲየም ሲወርድ ውሃው ወደ አንጎል ሴሎች ይገባል፣ አንጎል ያብጣል፣ ከባሰም ሰው ይሞታል። ጠብታ ውሃ ከለከለችኝ። ሌሊቱን እዚያው አደርኩ።

በራሴም አዝናለሁ። ከ15ኛው ኪሎ በኋላ ፈጽሞ አልጠማኝም ነበር። ሰውነቴ በቃኝ እያለኝ እኔ በግድ እግተው ነበር።

ስለዚህ ሲጠማችሁ ብቻ ጠጡ። በየ20 ደቂቃው ጠጡ የሚላችሁን አትስሙ፣ አሰልጣኝም ቢሆን። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን ጨውና ስኳር) ያዙ፤ እሱም ግን ከልክ በላይ ከተጠጣ አያድንም። ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። ኪሎ ከጨመራችሁና ራስ ምታት ካለ ውሃ አትጨምሩ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ሶዲየም ይለካልኝ በሉ። ካላመኗችሁ ተጨቃጨቁ።

ረጅሙን ሩጫ አሁን በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረማያ ነው የምሮጠው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረማያ 2,000 ገደማ። የመጀመሪያ ሰሞን ትንፋሽ ያጥራል፣ ብርዱ ግን ይክሳል።

ባለፈው ቅዳሜ 32 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ስወጣ 68፣ ስመለስ 67። ቀለበቴም እንደ ልቡ ይሽከረከራል።